ቡፌው ውስጥ የኖረው ሦስተኛ ካሴት

ሱሉልታ ለቅሶ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። የዚያ አገር ብርድ ድንኳን አይፈራም፤ ከእንጦጦ ጀርባ ተነስቶ በሸራው ሥር ይገባና ቀጥ ብሎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። የእኔ ጉልበት ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው። ባለፈው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደረጀ አርፎ ሰልስቱን ስንቀመጥ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ አንድ ጥግ ይዤ ካርታ የሚጫወቱትን እያየሁ ነበር። በድንኳኑ በአንደኛው ጫፍ ባለቤቴ አስቴር፣ በሌላኛው ጫፍ ታላቅ ወንድሟ ግርማ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ደረጀ በሕይወት ሳለ በመሀላቸው እየተመላለሰ የዚህን ሰላምታ ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ ያደርስ ነበር። ሁለቱም ሰላምታ ልከው አያውቁም፤ ከራሱ እየፈጠረ ነው። አሁን እሱ የለም። ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ይቀብራል፤ ይህንን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚናገረው ግን የለም።

ሰው ሲቀንስ የደረጀ ሚስት ጫልቱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከጓዳ ይዛ መጣችና አስቴር ጭን ላይ አኖረችው። «እትዬ አስቴር፣ ይሄ የአባታችሁ ነው። ደረጀ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። እኔ ምን ላደርገው?» አለች። ፌስታሉ ሲፈታ የቪዲዮ ካሴት ነው። አሮጌ ፕላስቲክ፣ አቧራና ናፍታሊን የተቀላቀለበት ሽታ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። አስቴር ካሴቱን አገላብጣ አየችውና መልሳ ጠቀለለችው። ግርማ ከወዲያኛው ጫፍ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር፤ እሷ ቀና ስትል አቀረቀረ። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። የት ቢባል ሰበታ፣ ኦቦ በዳዳ ቪዲዮ ቤት።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ከሰሜን ሸዋ መጥቼ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም፤ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ኪስ ውስጥ አንድ ብር ካለ ሰውየው ሀብታም ነው። ዛሬ አንድ ስኒ ሻይ ስንት እንደገባ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ከፍዬ ነው የምወጣው፣ ብጠይቅ ስለማልጠጣው። ደመወዝ በወጣ ቅዳሜ ካኪ ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አስተኝቼ አተኩሰዋለሁ፤ ሸሚዜ ኮሌታው ሰፊ ነው፣ ከጀርባ የሚያየኝ ሊበር የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ሸራ ጫማዬን በጠመኔ አነጣና ወደ ኦቦ በዳዳ ዘንድ። ቪዲዮ ቤቱ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ሙዚቃ ቤት አጠገብ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ጠዋት የከፈተውን ካሴት እስከ ማታ አይቀይረውም፤ የዚያን ጊዜ ዘፈን ግጥሙን ሁሉ የማውቀው ወድጄ ሳይሆን ወረፋ ስጠብቅ ነው። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። አግዳሚ ወንበሮቹ የተጠረቡት ከባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለት ፊልም ያየ ሰው ለሳምንት ተጠንቅቆ ነው የሚቀመጠው።

ኦቦ በዳዳ ጥብቅ ሰው ነበሩ። የቪዲዮ ቤታቸው ሕግ አንዲት ናት፤ ማውራት የለም። ሸንኮራ ይዞ መግባት እንኳን ክልክል ነበር፣ ሲላጥና ሲታኘክ ስለሚጮህ። በቀኝ እጃቸው የያዟትን ዱላ ከጎናቸው ባለ ቆርቆሮ ላይ ያሳርፉና «ጨሊሲ!» ይላሉ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ሁለተኛ የተናገረ ይወጣል፤ ሃምሳ ሳንቲሙ አይመለስም። «ወሬውን ሻይ ቤት ሄዳችሁ አውሩት» ይሉ ነበር። እንግሊዝኛውን የሚሰማ ሰው የነበረ እንዳይመስላችሁ። ሁላችንም ፊልሙን በዝምታ አይተን እንወጣና ሻይ ቤት በየራሳችን የተረጎምነውን ይዘን እንጣላለን።

ከዚያ ቤት ፊልም ሁሉ ሰበታን ያሳበደው የጠፈሩ ነው። ሦስት ክፍል እንዳለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን፣ ሽፋኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መርከብ ብዙ ዘመን የጠፋ ሌላ ትልቅ መርከብ ፍለጋ በከዋክብት መሀል ትሄዳለች። አዛዧ ሴት ናት፤ እኛ ሻምበሏ እንላት ነበር። በሁለተኛው ላይ መርከቡን ያገኙታል። ቀይ ኮከብ አጠገብ ጨልሞ ቆሟል፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት አይታወቅም። ሻምበሏ ብቻዋን ትገባለች፤ ገና ከመግባቷ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ጓደኞቿ ከውጭ በሩን ይደበድባሉ፣ ይደበድባሉ፣ እዚያ ላይ ፊልሙ ያልቃል። አይ ያን ቀን። ሰው ከወንበሩ አልነሳ አለ፤ ኦቦ በዳዳ ራሳቸው ዱላቸውን ረስተው ተቀምጠው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሰበታ ውስጥ «በሩን ማን ይከፍታል?» የማይባልበት ነገር ጠፋ። ፋብሪካ አርፍዶ የመጣ ሰው ዘበኛው በሩን ዘግቶ ይስቅበታል፤ «ሻምበሏ፣ በሩን ማን ይከፍታል?» እያለ። ሚስቱ የቆለፈችበት ሰው አለ፤ ጎረቤት ይህንኑ ይለዋል።

በር ላይ ቆማ ትኬት የምትቆርጠው የኦቦ በዳዳ ልጅ አስቴር ነበረች። ትኬት ብላችሁ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ነው፤ የእሷ ፊርማ ግን አለበት። እኔ ፊልም ወዳጅ የሆንኩት በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልክድም። አንድ ፊልም ደጋግሜ ስገባ አይታ «አልገባህም እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ማን ያስረዳኝ» አልኳት። ሽማግሌ ላክሁ። ኦቦ በዳዳ «ይሄ አማራ ፊልም ሲያይ ዝም ይላል፤ ጥሩ ሰው ነው» ብለው ሰጡኝ። ሌላ መመዘኛ አልነበራቸውም። ተጋብተን እኔ ሥራ ቀይሬ ቡራዩ ገባን። ያኔ ቡራዩ ዳገትና ቁልቋል ነበረች፤ ዛሬ ከበራችን ሳይወጡ ባጃጅ የሚገጭበት አገር ሆናለች።

ሦስተኛው ካሴት የመጣው በዚያ ዓመት ጾም ላይ ነው። ኦቦ በዳዳ መርካቶ ወርደው አመጡት፤ ለትንሣኤ ይታያል ብለው በር ላይ ለጠፉ። ሰበታ በአንድ እግሯ ቆመች። አስቴር በዚያው ሰሞን ልጃችንን ሰናይትን ወለደች፤ ገና አራስ ቤት ሳለች አባቷ ታመሙና ሳይቆዩ አረፉ። እንግዲህ ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቱ ይደርቃል፣ ሕፃኗን ይነካታል፣ እናትየውን ያሳብዳታል፤ ይህ ወግ ነው። የወሰነው ግርማ ነው፣ ታላቅ ስለሆነ፤ ሽማግሌዎቹም አጸደቁ፤ እኔም ወግ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ዛሬም ወግ ነው እላለሁ። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ለአስቴር ማንም ትንፍሽ አላለም። «አባባ ወገቡን ይዞታል፣ መኪና ላይ መቀመጥ አይችልም» ተባለች። ይህ ሁሉ ያው ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የክርስትናው ቀን ግን አስቴር ከድግሱ ለአባቷ በሰሃን ለይታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ ሰው ይዞላት ሰበታ እንዲሄድ ላከች። ሰሃኑ በማግስቱ ታጥቦ ተመለሰ። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ግርማ ብርቱካን ሞልቶበት ነበር። «በልቷል፣ መርቆሻል» የሚል መልእክትም አብሮ መጣ። አስቴር ብርቱካኑን አባቴ የላከልኝ ነው ብላ በደስታ በላችው፤ ለእኔም ላጠችልኝ። በሳምንቱ መርዶ ነገሯት።

አስቴር ስታለቅስ ብዙ አልጮኸችም። ሲበርድላት «አንተ ባዳ ነህ፣ ባዳ ይዋሻል» አለችኝ። «እሱ ግን ወንድሜ ነው። በልቷል አለኝ።» ከዚያ ወዲያ የወንድሟን ስም አልጠራችም። ጋሼ ትለው የነበረችው ሴት «የሰበታው ሰውዬ» አለችው፤ እንዲያ ሲባል ሠላሳ ዓመት።

ንብረት ለመካፈል ሰበታ የሄድነው አስቴር ከል እንደለበሰች ነው። ሽማግሌዎቹ እዚያው ቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ፊልም ያየ በመሀላቸው አልነበረም። ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑና ካሴት ማጫወቻው ዴክ ለግርማ ሆነ፤ ለሁለቱ ታናናሾች የቦታና የከብት ድርሻ ተሰጠ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ካሴቶቹ ላይ ሲደርሱ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ጉተማ በእኩል ይካፈሉ አሉ። አንድ ለግርማ፣ አንድ ለደረጀ፣ አንድ ለአስቴር እያሉ ከመደርደሪያው እየሳቡ እንደ ሥጋ ቅርጫ መደቡ። የጠፈሩ ፊልም ሦስቱ ክፍል ጎን ለጎን ነበር የቆመው። መጀመሪያው ግርማ ጋ፣ ሁለተኛው ደረጀ ጋ፣ ሦስተኛው አስቴር ጋ ወደቀ። ግርማ ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ታሪክ ናቸው፤ አይነጣጠሉም» አለ። ኦቦ ጉተማ ረጋ ብለው አዩት። «ማሎ ግርማ፣ እባክህ፣ እናንተስ የአንድ አባት ልጆች አይደላችሁም? ይኸው ተካፍላችሁ የለም እንዴ?» አሉ።

ግርማ እዚያው ወደ አስቴር ዞሮ «ሦስተኛውን ስጪኝ፣ በምትኩ የፈለግሽውን ውሰጂ። ሰው እየጠበቀ ነው» አላት። ለጉድ የፈጠረው ቃል ነው። አስቴር ካሴቱን በነጠላዋ ጠቀለለችውና «እኔም አባቴን እየጠበቅኩ ነበር» ብላ ወጣች። ሁለቱ የተነጋገሩት የመጨረሻው ንግግር ይህ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አስቴር ሞኝም ወረቀትም አይደለችም፤ ግን ይህንን ተረት ያመጣው ሰው የእሷን ዘመዶች አይቶ መሆን አለበት።

ካሴቱ ቡራዩ ቤታችን ቡፌ ውስጥ ገባ። ከሰርጋችን ብርጭቆዎች አጠገብ፣ በእጇ በሠራችው ዳንቴል ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቆመ። ሽፋኑ ላይ ሻምበሏ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ታየኛለች፤ ከኋላዋ ያ ቀይ ኮከብ። ዴክ አልነበረንም፤ በኋላ ልግዛ ስል «ለምኑ?» አለችኝ፣ ተውኩት። እስቲ ፍረዱ፤ ሰበታ ሙሉ የሚያልመውን ካሴት ምሳ በበላሁ ቁጥር እያየሁት፣ በሩን ማን እንደከፈተው የማላውቅ ሰው ነኝ።

ሰበታ በቀላሉ አልተወችንም። የቪዲዮ ቤቱ ደንበኞች ተሰብስበው ሽማግሌ መረጡና ቡራዩ ላኩብን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ነጠላ አደግድገው፣ ለጋብቻ እንደመጣ ሰው በር ላይ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ ነው ብዬ ነበር፤ ሰናይት ገና ጥርስ አላወጣችም። «ሦስተኛውን ክፍል በእግዚአብሔር ስም» አሉ። አስቴር አስገባቻቸው፣ አበላቻቸው፣ በመጨረሻም «የሰበታው ሰውዬ ራሱ ይምጣ» አለች። ግርማ ሲነገረው «ታላቅ እኔ ነኝ፤ ታናሽ ናት መምጣት ያለባት» አለ። ሽማግሌዎቹ ጅማ መንገድና አምቦ መንገድ መሀል ሲመላለሱ ከርመው ደከማቸውና ተዉት። ደረጀ በበኩሉ ሱሉልታ ሄዶ ጄኔሬተር ተከራይቶ የገበያ ቀን ቪዲዮ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ከጠፈሩ ፊልም እሱ ጋ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው፣ ያ ጫልቱ በፌስታል ያመጣችው። ሱሉልታ ላይ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ሳያውቅ መሀሉን ብቻ በቃሉ ይዞ ያደገ ትውልድ አለ፤ ሻምበሏ ከየት እንደመጣች አያውቁም፣ በሩ ሲዘጋ ብቻ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ምኑ ቅጡ። ቪዲዮ ቤት ቀረ፣ ሲዲ መጣ፣ ሲዲም ሄደ፣ ዲሽ ጣሪያው ሁሉ ላይ እንደ ጎላ ድስት ተደፋ። የግርማ ቪዲዮ ቤት መጀመሪያ ፀጉር ቤት፣ ቀጥሎ ሞባይል መጠገኛ ሆኖ ተከራይቶ በመጨረሻ ተዘጋ። ለገጣፎ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃችን ሰናይት አንድ የበዓል ቀን ስልኳን አውጥታ «አባዬ፣ ያ ፊልማችሁ ይኸውልህ፣ ሦስተኛው፣ በነፃ ነው። ልክፈትልህ?» አለችኝ። እጄ ተዘርግቶ ነበር። ወዲያው ቡፌውን አየሁት። በቤቴ ያለውን ካሴት በሰው ስልክ አላየውም አልኳት። ግትርነት ይጋባል መሰለኝ፤ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ኖሬያለሁ።

ወደ ደረጀ ልመለስ። ደረጀ ያረፈው ሱሉልታ በሌሊት ነው፤ ጫልቱ መጀመሪያ የደወለችው ለግርማ ነበር፣ ለታላቁ። ንጋት ላይ፣ ገና ሰማዩ ሳይነጣ በራችን ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት የሚንኳኳ በር ወሬው አንድ ነው። አስቴር ቀድማኝ ተነሥታ ከፈተች። ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል፤ ከእነሱ ኋላ፣ ከሰበታ ጨለማውን አቋርጦ የመጣ፣ ጋቢውን እስከ አፉ የተሸፈነ ግርማ አለ። ሠላሳ ዓመት ያልረገጣት ደጅ። አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ የሚያረዳውም ሌላ ሰው ነበር። ግን ማንም ማርዳት አላስፈለገውም፤ አስቴር ግርማን በሯ ላይ ስታየው ገባት። «ደረጀዬ» ብላ በርከክ አለች። ኋላ እንደሰማሁት ጎረቤቶቹ ለግርማ «አንተ ሱሉልታ ቅደም፣ እኛ እናረዳታለን» ብለውት ነበር። «አይሆንም፤ በዚህች ቤት ሁለተኛ ከሰው ሁሉ በኋላ አትሰማም» አለ አሉ። ይህንን ለአስቴር የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሱሉልታ ከቀብር መልስ። ምንም አልመለሰችልኝም። እሷ ሳትመልስ ስትቀር ሰምታለች ማለት ነው።

አርባው ወጣ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አስቴር ቡፌውን ከፈተች። እኔ ብርጭቆ ልታወጣ መስሎኛል። ሦስተኛውን ካሴት ከዳንቴሉ አንስታ፣ የደረጀን ሁለተኛውን ጨምራ፣ በነጠላዋ ጠቀለለችና «ተነስ፣ ሰበታ እንሂድ» አለችኝ። ምን እንበለው፣ ምሳ እንብላ አይደለም፣ ተነስ ነው። ተነሳሁ። በአየር ጤና ዞረን ዓለም ገና ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ባጃጁና ሚኒባሱ ተቆላልፏል። ልቤ የጓጓው ለእርቅ ነው ብል ውሸት ነው፤ የእኔ ሐሳብ መብራት እንዳይሄድ ነበር። አስቴር እየደጋገመች «ቢያስወጣኝስ?» ትላለች፤ ለእኔም አይደለም፣ ለመስኮቱ ነው።

ግርማ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል። በሩን ሲከፍት አስቴርን አየ፣ ነጠላውን አየ። ለእኔ «ግቡ» አለ። ግቡ የሚለው ለሁለታችን ስለሆነ ተናገራት ወይስ አልተናገራትም የሚለውን ለዳኛ እተወዋለሁ። ያ ቪዲዮ ቤት የነበረው ክፍል አሁን ዕቃ ቤት ሆኗል። አግዳሚዎቹ ግን ግድግዳውን ይዘው አሉ። በጥግ አንድ ነገር በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ግርማ አንሶላውን ገፈፈው። ያ ዴክ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ገመዱ ተጠምጥሞ፣ አቧራ አልነካውም። ከጎኑ ያ ኋላው እንደ በሬ ሻኛ የወጣ ቴሌቪዥን። «አሁንም ይሠራል እንዴ?» አልኩት። «በየዓመቱ ትንሣኤ ሲመጣ ውስጡን በአልኮልና በጥጥ እጠርገዋለሁ» አለኝ። «ለምን?» ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ሦስተኛው ካሴት በእጁ የሌለ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ዴክ የሚጠርገው ሌላ ምን ፈልጎ ነው።

አስቴር ካሴቱን አላቀበለችውም። ራሷ ሄዳ ዴኩ አፍ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ዱሮ ትኬት ስትቆርጥ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ግርማ አባቱ ይቀመጡበት የነበረው ጥግ። እኔ መሀል፣ እንደ ዱሮዬ፣ ሃምሳ ሳንቲም እንደከፈለ ሰው። ሥዕሉ ሲመጣ መስመር በመስመር ነው፣ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኗል፣ ድምፁ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሻምበሏ ግን ሻምበሏ ናት። በጨለመው መርከብ ውስጥ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፤ ውጭ ያሉት ጓደኞቿ አየር እያለቀባቸው ነው። አንድ ሰዓት ከምናምን እንደዚያ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድም ድምፅ የለም። ኦቦ በዳዳ ቢያዩን ይኮሩብን ነበር።

መጨረሻው እየደረሰ መሆኑ ይታወቃል፣ ሙዚቃው ይነግራል። ሻምበሏ ወደዚያ በር ተመልሳ መጥታ በመዳፏ ትመታዋለች። ከወዲያ በኩልም ይመታል። ወገቤ ከአግዳሚው ተላቀቀ። ልክ እዚያ ላይ ከኋላዬ ሰው ማውራት ጀመረ። «ጨሊሲ» ማለት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ነገር እኮ ነው። ዞር ስል አስቴር ከበሩ ተነሥታ ግርማ አጠገብ ተቀምጣለች። «ታዲያ ብርቱካኑን ማን ገዛው?» እያለችው ነው።

«እኔ ነኛ» አለ ግርማ።

«ለምን?»

«ሰሃንሽን ባዶውን እንዴት ልመልሰው? አባባ ቢኖር ባዶውን ይመልስልሽ ነበር?» ጋቢውን ወደ ዓይኑ አነሳ። «ምግቡን ለብቻዬ ቁጭ ብዬ በላሁት። አንቺ ለእሱ የላክሽው ነው፣ ለውሻ አልሰጠውም። እያለቀስኩ በላሁት፣ አስቴር። በልቷል ብዬ መልእክት ስሰድ ማን እንደበላው አላልኩም።»

አስቴር «ጋሼ፣ አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ነው ያለችው፣ የሰበታው ሰውዬ አላለችም። ግርማ ነገራት። አባትየው ሕመም ጠንቶባቸው ሳለ እንኳን ሰው ስለ ፊልሙ እየመጣ ይጠይቃቸው ነበር አሉ። «ለትንሣኤ ብያለሁ፤ ግን አስቴር ከአራስ ቤት ካልወጣች አላሳይም። ትኬቱን የሚቆርጥልኝ ማን ነው?» ብለው ነበር። ስለ ሕፃኗም ስሟን ማን አላችኋት እያሉ ሰናይት ሲባሉ ደግመው ደጋግመው ይጠሩት ነበር። አስቴር የግርማን እጅ ይዛ ሌላ ጠየቀች፣ ሌላም፤ ምን ለብሶ ነበር፣ ማን ዓይኑን ከደነው፣ ዝናብ ነበር ወይ። እሱም አንድ በአንድ ይመልሳል፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፣ ሁለቱም እኩል እያወሩ፣ እኩል እያለቀሱ፣ አንዱ የሌላውን ሳይጨርስ እየነጠቀ። በዚያ ቤት ያን ያህል ሲወራ የመጀመሪያው ነው።

ወደ ቴሌቪዥኑ ስመለስ በሩ ተከፍቷል፤ ሻምበሏ ውጭ ናት፣ ሰዎች ተቃቅፈዋል፣ ጽሑፍ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ፊልሙ ላይ ሳፈጥ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደተናገረ አመለጠኝ፤ እነሱን ዞሬ ሳይ በሩን ማን እንደከፈተው አመለጠኝ። መልሼ ላጥንጥነው ብል እችል ነበር። አላልኩም፤ ወሬያቸውን ያቋርጥባቸዋል።

ሲመሽ ሚኒባስ ይዘን ስንመለስ ዓለም ገና ላይ ቆምን፤ ያው መንገዱ ተዘግቷል። አስቴር ባዶ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«በሩን ማን ከፈተው? አየሽ?» አልኳት።

«የቱን በር?»

ተውኩት። ነጠላዋን አይቼ «ካሴቶቹን ረስተሻቸው መጣሽ» አልኳት።

«አልረሳሁም» አለች። «እሑድ ምሳ እዚያ ነን። ሰሃን ይዤ ነው የምሄደው፣ አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ፊልምህን ታያለህ።»